ስለ «ማብራት»፣ ስለ «ማጥፋት»ና ስለ «ማስነሣት»፦ አሮጌ የኮምፒዩተር ሰሌዳዎችን ለመመርመር በሚያስፈልጉ ቃላት ላይ የቀረበ ማብራሪያ

አንድን የቴክኒክ ጽሑፍ ወደ አማርኛ የሚመልስ ወይም የተመለሰውን የሚያርም ሰው ከሚመራባቸው ደንቦች አንዱ፣ ለአንድ ጽንሰ ሐሳብ አንድ ስያሜ ብቻ መጠቀም እንደሚገባ የሚያሳስበው ነው። የደንቡ ትክክለኛነት አያጠያይቅም። ነገር ግን በቋንቋ ሰው ዓይን አንድ መስለው የሚታዩት ድርጊቶች በባለ ሙያው ዘንድ ሦስት ወይም አራት ሆነው የተገኙ እንደሆነ፣ ይኸው ደንብ ራሱ ለስሕተት በር ይከፍታል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ይህን የተረዳው ከመጽሐፍ ሳይሆን በገዛ እጁ ከፈጸመው ጥፋት በመሆኑ፣ ነገሩን ከነምክንያቱ መግለጹ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆችና ለተርጓሚዎች ይጠቅማል ብሎ ያምናል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ኤሌክትሮኒክስ የሚያስተምሩ አንድ መምህር ለተማሪዎቻቸው ያዘጋጁትን አጭር መመሪያ በቋንቋ በኩል እንዳርምላቸው ጠየቁኝ። የመመሪያው ጉዳይ የሚከተለው ነው፦ ሠሪውና አገልግሎቱ የማይታወቅ፣ የማስረጃ ጽሑፉም የጠፋ የአሮጌ ኮምፒዩተር ሰሌዳ በእጅ ሲገባ፣ ምንነቱ እንዴት እንደሚመረመርና ከምን ዓይነት ጥንቃቄ በኋላ ኤሌክትሪክ ሊደርሰው እንደሚገባ ማስረዳት። መምህሩ በረቂቃቸው ውስጥ በአንዱ ስፍራ «ቮልቴጅ ስጥ»፣ በሌላው «ኃይል አድርስ»፣ በሦስተኛው ደግሞ «አስነሣ» ብለው ነበር። እኔም ይህን የስያሜ አለመጣጣም አድርጌ ቈጠርኩትና ሦስቱንም «አብራ» በሚለው አንድ ግሥ ተካኋቸው። ጽሑፉ ጠራ፤ ንባቡም ቀና። ከሁለት ወር በኋላ አንድ ተማሪ በታረመው መመሪያ መሠረት ስምንት የማኅደረ ትውስታ ቺፖች ያሉበትን አንድ ሰሌዳ «አበራ»። ከስምንቱ አምስቱ በዚያው ቅጽበት ከጥቅም ውጭ ሆኑ። ምክንያቱን ወደ ኋላ ላይ እመለስበታለሁ፤ አስቀድሞ ግን ሰሌዳዎቹ ምን እንደሆኑና መርማሪው እንዴት እንደሚያነባቸው መግለጽ ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በጥር 1975 «ፖፑላር ኤሌክትሮኒክስ» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በሽፋኑ ያስተዋወቀው አልቴር 8800፣ በኒው ሜክሲኮ ግዛት በአልበከርኪ ከተማ ይገኝ የነበረው የሚትስ ኩባንያ ሥራ ነው። የዚህ ኮምፒዩተር ልዩ ልዩ ክፍሎች 100 መገናኛዎች ባሉት አንድ የጋራ መስመር ላይ የሚሰኩ ሰሌዳዎች ነበሩ። ወዲያውኑ ሌሎች ኩባንያዎችም ለዚሁ መስመር የሚስማሙ ሰሌዳዎችን ማምረት ጀመሩ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ጥቂት ዓመታት ሠርተው ተዘጉ፤ ከነርሱም ጋር ሥዕላዊ መግለጫውና የአጠቃቀም ጽሑፉ ጠፋ። ለመስመሩ አይ.ኢ.ኢ.ኢ. 696 በሚል መጠሪያ ደረጃ የወጣለት እ.ኤ.አ. በ1983 ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ ትርጕም ባልተሰጣቸው መገናኛዎች ኩባንያዎቹ እንደየፈቃዳቸው ይጠቀሙ ነበር። ቢሆንም የዚህ መስመር የኃይል አሰጣጥ የታወቀ ነው። 1ኛውና 51ኛው መገናኛ 8 ቮልት ገደማ፣ 2ኛው 16 ቮልት፣ 52ኛው ከዜሮ በታች 16 ቮልት፣ 50ኛውና 100ኛው ዜሮ ናቸው። ስለዚህ ባለ 100 መገናኛ ሰሌዳ የገጠመው መርማሪ ከሥራው እኩሌታው ተሠርቶ ይጠብቀዋል። ከላይ የጠቀስኩት ሰሌዳ ግን ከዚህም ሆነ መምህሩ ከሚያውቋቸው መስመሮች ከአንዱም ጋር የማይስማማ ነበር።

ስለ «ሰሌዳ» ብዙ የምለው የለም። ቃሉ በግእዝ የሚጻፍበትን ጠፍጣፋ ነገርና የመጽሐፍን ገጽ የሚያመለክት ሲሆን፣ በአማርኛም ከጥቁር ሰሌዳ አንሥቶ እስከ መኪና ሰሌዳ ድረስ ምልክት የሚቀረጽበትን ሁሉ ይሸከማል። የኤሌክትሪክ መተላለፊያው መስመር በኅትመት ስልት የተሠራበትን ጠፍጣፋ ነገር «የዑደት ሰሌዳ» ማለት እንግዲህ ከቃሉ ጠባይ ጋር የተስማማ ነው። «ቦርድ» የሚለው የውሰት ቃል የአስተዳደር ጉባኤንም ስለሚያመለክት ሁለተኛ ምርጫ ሆኖ ይቈይ።

የመርማሪው የመጀመሪያ ሥራ ማንበብ ነው። በቺፑ ጀርባ ላይ ብዙውን ጊዜ ሁለት ቍጥሮች ተጽፈው ይገኛሉ። አንደኛው የቺፑን ዓይነት፣ ሁለተኛው የተሠራበትን ጊዜ የሚያመለክት ሲሆን፣ የጊዜው ቍጥር ከአራቱ አኃዞች በሁለቱ ዓመቱን፣ በቀሩት ሁለቱ ሳምንቱን ይናገራል። እዚህ ላይ የሥነ ቃላት ተመራማሪ ወዳጁን እንዳገኘ ሰው ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን፣ ትርጕማቸው ግን የተለያየውን ቃላት በአኃዝ መልክ ያገኛቸዋልና። 7432 የሚለው ጽሕፈት አራት የ«ወይም» በሮችን የያዘ ቺፕ ስም ነው፤ እንዲሁም እ.ኤ.አ. የ1974 32ኛው ሳምንት ነው። 7442 የአንድ ዲኮደር ስም ነው፤ የዚያው ዓመት 42ኛው ሳምንትም ነው። 7474 ግን ሳምንት ሊሆን አይችልም፤ ዓመቱ 74 ሳምንት የለውምና። ልዩነቱን የሚወስነው እንደ ቃላት ሁሉ ዐውዱ ነው። ከፊቱ «ኤስ.ኤን.» የሚል ፊደል ካለ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ኩባንያ የዓይነት መለያ እንደሆነ ይታወቃል፤ በአጠገቡ ያሉት ቺፖችም 7429፣ 7435 እያሉ የሚሄዱ ከሆነ የነገሩ ጕዳይ ጊዜ ነው። በሰሌዳው ላይ ካሉት ጊዜያት መካከል የመጨረሻው፣ ሰሌዳው ከዚያ በፊት ሊሠራ እንደማይችል ያስረዳል። በኋላ የተለወጠ ቺፕ ሊኖር ስለሚችል ግን አንድ ብቻውን የራቀ ቍጥር ሲገኝ የእርሳስ ብየዳው እንደ ሌሎቹ መሆን አለመሆኑ ይታያል።

አንዳንድ ኩባንያዎች ደግሞ የታወቀውን ስም ትተው የራሳቸውን መለያ ይጽፋሉ። ሂውሌት ፓካርድ 7400 የተባለውን ተራ ቺፕ 1820-0054 ይለዋል። ይህ በቋንቋ ጥናት የቡድን ቋንቋ ከምንለው ጋር አንድ ነው፤ ለውጭ ሰው ምሥጢር፣ ለውስጥ ሰው የቀን ተቀን ንግግር።

ከሁሉ የከፋው 2716 ነው። ኢንቴል በዚህ ስም ያወጣው፣ በብርሃን የሚፋቅና ዳግመኛ የሚጻፍበት ማኅደር፣ በሥራ ላይ ሲሆን የሚፈልገው 5 ቮልት ብቻ ነው። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ በዚያው ቍጥር ያወጣው ቺፕ ደግሞ ሦስት ቮልቴጆችን ይኸውም 5፣ 12ና ከዜሮ በታች 5ን ይፈልጋል። እግሮቻቸው 24 ናቸው፤ መልካቸውም አንድ ነው። ይሁን እንጂ በአንደኛው 19ኛው እግር የአድራሻ መቀበያ ሲሆን በሁለተኛው የ12 ቮልት መግቢያ ነው። «2716» የሚለውን ብቻ አንብቦ የፊት ፊደሉን የዘለለ ሰው ምን እንደሚደርስበት መገመት አያዳግትም። ስለዚህ በትርጕም ሥራ ላይ «የፊደል ቅጥያው አስፈላጊ ስላልሆነ ተትቷል» የሚለው የአንዳንድ ተርጓሚዎች ልማድ በዚህ መስክ ፈጽሞ ሊወገድ ይገባዋል።

ምልክትም እንደ ቍጥር ያሳስታል። በሰሌዳው ላይ ከሚገኙት ካፓሲተሮች መካከል የአሉሚኒየሙ ዓይነት በጎኑ ላይ የተሠመረው ሰንበር አሉታዊውን እግር ያመለክታል። የታንታለሙ ዓይነት ላይ ያለው ሰንበር ግን አዎንታዊውን ያመለክታል። ታንታለም በተገላቢጦሽ ሲገናኝ አንዳንዴ እሳት እስከ መፍጠር ይደርሳል። በመምህሩ ረቂቅ ውስጥ «ሰንበር ያለበት እግር» የሚል ሐረግ ነበር፤ ምልክቱን እንጂ ትርጕሙን ስለማይነግር «አሉታዊው እግር»፣ «አዎንታዊው እግር» እየተባለ በየስፍራው እንዲጻፍ ተስማምተናል። ይህ እርማት እንኳ ጕዳት አላስከተለም።

አሁን ወደ አምስቱ ቺፖች እንመለስ። ዓይነታቸው 4116 ነበር። ይህ 16,384 ቢት የሚይዝ፣ 16 እግሮች ያሉት ማኅደረ ትውስታ በአፕል ሁለትና በሌሎችም የዘመኑ ኮምፒዩተሮች ውስጥ በብዛት ያገለገለ ነው። በዚያ ዘመን በነበሩት አብዛኞቹ ባለ 16 እግር ቺፖች 8ኛው እግር ዜሮ፣ 16ኛው 5 ቮልት ሲሆን፣ በ4116 ግን 8ኛው እግር 12 ቮልት፣ 16ኛው ዜሮ፣ 9ኛው 5 ቮልት፣ 1ኛው ደግሞ ከዜሮ በታች 5 ቮልት ነው። ይህ ከዜሮ በታች ያለው ቮልቴጅ የቺፑን የሲሊከን መሠረት ከሌሎቹ ሁሉ ዝቅ አድርጎ የሚይዝ ነው። እርሱ ሳይኖር 12 ቮልት የገባ እንደሆነ በቺፑ ውስጥ ሊለያዩ የሚገባቸው ክፍሎች እርስ በርሳቸው ያስተላልፋሉ፤ ከፍተኛ ፍሰትም ያልፋል፤ ቺፑም ይሞቃል፤ ይጠፋል። ስለሆነም ከዜሮ በታች ያለው 5 ቮልት ከሁሉ አስቀድሞ መግባት፣ ከሁሉም በኋላ መውጣት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው ዜድ ኤክስ ስፔክትረም የተባለው የእንግሊዝ ኮምፒዩተር ጥገና ባለ ሙያዎች ይህን በሚገባ ያውቁታል፤ በውስጡ ይህን ቮልቴጅ የሚያመነጨው ክፍል ሲበላሽ 4116ቶቹም ተከትለው ይሄዳሉና።

መምህሩ «ቮልቴጅ ስጥ» ያሉት እያንዳንዱን መስመር በየተራ፣ እየለኩ ስለማገናኘት ነበር። «ኃይል አድርስ» ያሉት ሁሉም ቮልቴጆች ገብተው የረጉበትን ሁኔታ ለመግለጽ ነው። «አስነሣ» ያሉት ደግሞ ከዚህ ሁሉ በኋላ የሰዓት ምት ሰጥቶ ሰሌዳው ሥራውን እንዲጀምር ማድረግን ነው። እኔ ሦስቱን «አብራ» ባልኩ ጊዜ ተማሪው የላቦራቶሪውን የኃይል ምንጭ አንድ ጊዜ አበራ፤ 5ና 12 ቮልት ገቡ፤ ሦስተኛው ከሌላ ምንጭ ይመጣ ስለ ነበር ዘገየ። ተማሪው አንዳች አልሳተም። የተጻፈውን ፈጽሟል።

«ማብራት» ለምን እንዲህ አሳሳች ሆነ? በአማርኛ ኤሌክትሪክና ብርሃን ከመጀመሪያው የተቈራኙ ናቸው። «መብራት ሄደ»፣ «መብራት መጣ» ስንል ስለ አምፖል ብቻ መናገራችን አይደለም፤ ምጣዱም ማቀዝቀዣውም አብረው ቆመዋልና። ከዚህ የተነሣ «አብራ» የሚለው ግሥ ኤሌክትሪክ ለሚቀበል ነገር ሁሉ የተፈቀደ መስሎ ይታያል። ነገር ግን ግሡ የአምፖልን ጠባይ ይዞ ይሄዳል፤ አምፖል ወይ በርቷል ወይ ጠፍቷል፣ በመካከል ደረጃ የለውም። ደረጃና ቅደም ተከተል ላለው ድርጊት ቅጽበታዊ ግሥ መስጠት ደረጃዎቹን ከአንባቢው መሰወር ነው።

ከዚህ የባሰ ወጥመድ የተዘረጋው በ«ክፈት»ና በ«ዝጋ» ላይ ነው። በየቤቱ «ሬዲዮውን ክፈት» እንላለን፤ እንዲሠራ ማለታችን ነው። ቧንቧም ሲከፈት ውኃ ይፈስሳል። በኤሌክትሪክ ሳይንስ ግን ክፍት ዑደት ማለት መስመሩ የተቋረጠ፣ ምንም የማያስተላልፍ ማለት ሲሆን፣ የሚያስተላልፈው ዝግ ዑደት ነው። ስለዚህ አንድ ተርጓሚ ለሳይንሱ ታምኖ «ማብሪያ ማጥፊያውን ዝጋ» ቢል፣ በቤቱ ቋንቋ ያደገው አንባቢ ፍጹም ተቃራኒውን ያደርጋል። በዚህ ረገድ አስተያየቴ ጽኑ ነው። «ክፍት»ና «ዝግ» ለዑደት ቅጽል ሆነው ይኑሩ፤ በትእዛዝ መልክ ግን ከመመሪያ ጽሑፎች ጨርሰው ይውጡና በምትካቸው «አገናኝ»ና «አቋርጥ» ይግቡ።

«ማጥፋት» ደግሞ ራሱን የቻለ ችግር ነው። መብራት ይጠፋል፤ ጽሑፍ ይጠፋል፤ ንብረት ይጠፋል፤ ሰውም ያጠፋል። «ማኅደሩን አጥፋ» የሚል ትእዛዝ የገጠመው ሰው ከቮልቴጅ እንዲያላቅቀው፣ የያዘውን ፕሮግራም እንዲሰርዝ ወይስ ቺፑን ራሱን እንዲያወድም ታዘዘ? ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም፤ በአሮጌ ሰሌዳ ላይ ያለው ባለ መስኮት ማኅደር የያዘው ፕሮግራም ብዙ ጊዜ በዓለም ላይ የቀረ ብቸኛ ቅጂ ነውና። ቺፑ በጀርባው የብርጭቆ መስኮት አለው፤ ለአልትራቫዮሌት ጨረር ሲጋለጥ በግማሽ ሰዓት ገደማ ባዶ ይሆናል። በቀጥተኛ የፀሐይ ብርሃን ደግሞ ሳምንት ያህል ይበቃዋል። ብርሃን የሚያጠፋው ነገር መኖሩ ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ እንግዳ ቢሆንም እውነት ነው፤ ስለዚህም መስኮቱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት፣ አርጅቶና ቆሽሾ ቢታይም፣ አይነሣም። ይዘቱም ሰሌዳው ቮልቴጅ ከማግኘቱ በፊት በንባብ መሣሪያ ተገልብጦ ይቀመጣል።

ለዚህ ዓይነቱ ስረዛ «መፋቅ» የሚለውን ቃል አቀርባለሁ። የብራና ጸሐፊ የተሳሳተውን ፍቆ በዚያው ላይ መልሶ እንደሚጽፍ ሁሉ፣ ይህም ማኅደር ተፍቆ ዳግመኛ ይጻፍበታል፤ ንጽጽሩ የተፈለገ ሳይሆን የተገኘ ነው። ከቮልቴጅ መለየት «ማቋረጥ» ይባል። «ማጥፋት» ለአምፖል ይቅር።

ስለ «መሬት» ጥቂት ልጨምር። የእንግሊዝኛውን ቃል ተከትለን ከየሰሌዳው የሚለካበትን የጋራ መስመር «መሬት» ማለት ተለምዷል። በቤት ኤሌክትሪክ ይህ ልክ ነው፤ ሽቦው በእርግጥ ወደ መሬት ይወርዳልና። በሰሌዳ ላይ ግን መስመሩ ከአፈር ጋር መገናኘት አያስፈልገውም፤ ሌሎቹ ሁሉ ከእርሱ አንጻር የሚለኩበት መነሻ ብቻ ነው። «ከመሬት በታች 5 ቮልት» ብለን ስንጽፍ አንድ የተቀበረ ነገር እንዳለ እናስመስላለን፤ ይህን ያነበበ አንድ ተማሪም የትኛውን ሽቦ መቅበር እንዳለበት ጠይቋል ብለውኛል፤ መምህሩ እየሳቁ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዜሮ» እያልኩ የተጠቀምኩት ስለዚህ ነው። መለኪያው ራሱ ዜሮ ስለሚያሳይ ተማሪው የሚያነበውና የሚያየው አንድ ይሆንለታል።

በሌላ በኩል ደግሞ የእጅ ባለ ሙያው ቃል ከእኛ ቃል የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ለብዙ ዓመታት ኤሌክትሪክ ያላገኘ የአሉሚኒየም ካፓሲተር በውስጡ ያለው የኦክሳይድ ሽፋን ይሳሳል። ስለዚህ ሙሉውን ቮልቴጅ በአንድ ጊዜ መስጠት ተገቢ አይደለም፤ ከፍተኛ ሙግደት ባለው ሬዚስተር በኩል ቀስ በቀስ እያሳደጉ ሽፋኑ እንዲታደስ ይደረጋል። እኔ የእንግሊዝኛውን ቃል አፍታትቼ «እንደገና መቅረጽ» አልኩት። መምህሩ በረቂቃቸው «ማለማመድ» ብለውት ነበር። ካፓሲተሩ ቅርጹ አልተለወጠም፤ የሚደረግለትም በእርግጥ ማለማመድ ነው። ረቂቃቸው እንደ ነበረ ተመልሷል።

«ተቃጠለ» የሚለውን የጥገና ቤት ፍርድ ግን አልተቀበልኩም። ማንኛውም አልሠራ ያለ ነገር «ተቃጥሏል» ይባላል፤ ምርመራውም እዚያ ላይ ይቆማል። መርማሪ ግን መቍጠር አለበት። አንድ 7400 ቺፕ መውጫዎቹ ሁሉ ዝቅ ባሉበት ጊዜ ቢበዛ 22 ሚሊአምፔር ይወስዳል፤ 30 እንዲህ ያሉ ቺፖች ያሉበት ሰሌዳ እንግዲህ ከ1 አምፔር በታች ይበቃዋል። የኃይል ምንጩ ፍሰት በ1 አምፔር ተገድቦ ሳለ ቮልቴጁ ከ5 ወደ 1 ወይም 2 የወረደ እንደሆነ በአንድ ስፍራ መስመሮች ተነካክተዋል፤ ብዙውን ጊዜም ጥፋተኛው አንድ የታንታለም ካፓሲተር ነው። ይህ «መነካካት» ነው። ቮልቴጁ ደኅና ሆኖ ምንም ፍሰት የሌለ እንደሆነ «መቋረጥ» ነው። ፍሰቱም ቮልቴጁም ደኅና ሆኖ ሰሌዳው ዝም ያለ እንደሆነ «አልተነሣም» ነው። ሦስቱም ከመቃጠል የተለዩ ናቸው፤ ሦስቱም ይጠገናሉ።

እንግዲህ «ማስነሣት» የሚለው ግሥ ሥራ የሚጀምር ነገር ላለበት ሰሌዳ ብቻ እንዲውል ተስማምተናል። ማኅደረ ትውስታ ብቻ የተሸከመ ሰሌዳ ኃይል ይደርሰዋል እንጂ አይነሣም፤ በራሱ የሚፈጽመው ተራ የለውምና። ፕሮሰሰር ያለበት ግን ኃይል ከደረሰው በኋላ የሰዓት ምት ተሰጥቶት፣ ወደ መነሻ ከሚመልሰው ትእዛዝ ሲለቀቅ ይነሣል። መኪና ማስነሣት የሚለው አነጋገር ለዚህ አርአያ ይሆናል፤ ቁልፍ ማዞርና ሞተር መነሣት ሁለት መሆናቸውን ማንም ያውቃልና።

በታደሰው መመሪያ የዚያ ክፍል ንባብ እንዲህ ይላል፦ «በመጀመሪያ ከዜሮ በታች ያለውን 5 ቮልት አገናኝ፤ በአንደኛው ቺፕ 1ኛ እግር ላይ ለክተህ መድረሱን አረጋግጥ። ከዚህ በኋላ 5 ቮልት፣ ቀጥሎ 12 ቮልት አገናኝ። ስታቋርጥ በተቃራኒው ቅደም ተከተል ፈጽም።» ከቀድሞው ይረዝማል፤ «አገናኝ»ም ይደጋገማል። አላሳጠርኩትም።

አምስቱ ቺፖች በሌላ ተለውጠው ሰሌዳው ባለፈው ዓመት በዚህ ቅደም ተከተል ኃይል ደርሶታል፤ ከአንድ የፕሮሰሰር ሰሌዳ ጋር ተገናኝቶም የተጻፈበትን መልሶ ሰጥቷል። ሠሪው እስካሁን አልታወቀም። መምህሩ በዚያን ዕለት በስልክ የተናገሩት ቃል «ነቃ» የሚል ነበር። በዝርዝሩ ላይ ከ«ተነሣ» አጠገብ በጥያቄ ምልክት መዝግቤዋለሁ።